ጓዳ ውስጥ የሌለችው

ማርያማዊት ዛሬ ቤት የለችም። ይህን ጎረቤቱ ሁሉ ያውቃል፤ አክስቷ እናናየሁ ከማለዳ ጀምሮ ላገኘችው ሰው ሁሉ «ልጅቷ ተማሪ እፈትናለሁ ብላ ዩኒቨርሲቲ ሄዳለች» ስትል ነው ያረፈደችው። ከሁሉም አስበልጣ የምታውቀው ግን ራሷ ማርያማዊት ናት፤ ጓዳ ውስጥ በገብስ ጆንያ ላይ ጉልበቷን አቅፋ ተቀምጣ በመጋረጃው ስንጥቅ ሳሎኑን ታያለች። ሽማግሌ በሚመጣበት ቀን ልጅቷ ከቤት አትገኝም፤ ሥርዓቱ ነው። ሥርዓቱ ስለ ጓዳ ለይቶ የተናገረው ነገር ግን የለም። ማርያማዊት ደግሞ ለአንደኛ ዓመት ተማሪዎች ሎጂክ የምታስተምር ሴት ስለሆነች፣ ሕግ ዝም ባለበት ቦታ ገብቶ መቀመጥ ታውቅበታለች።

ጓዳዋ ጠባብ ናት። በአንድ በኩል የዘይት ጀሪካንና የሽንኩርት ዘንቢል፣ በሌላው የጠላ ጋን፣ ከላይ ሚስማር ላይ የተሰቀለ ወንፊት። የደብረ ብርሃን የጥቅምት ብርድ ከጭቃው ግድግዳ ሥር እየወጣ ቁርጭምጭሚት ይበላል። ደግነቱ አንድ አሳቢ ሰው ጆንያው ላይ የበግ አጎዛ አንጥፏል፤ በጓሮ በር ሹልክ ብላ ስትገባ አግኝታው አክስቷን በልቧ መርቃለች። አክስቷ ግን ዛሬ ምርቃት የምትቀበል አልነበረችም። ራሷን ሲፈልጣት አድሮ በነጭ ሻሽ ግጥም አድርጋ አስራዋለች፤ ድስት ባነሳች ቁጥር ታጉረመርማለች። እንቁላል አንዱ ሃያ ብር በገባበት ዘመን፣ ቀምሰው ለማያውቁ ሽማግሌዎች ሦስት ጊዜ ዶሮ መሥራት ምን የሚሉት ጣጣ ነው? ያለፉትን ሁለት ጊዜ ወጡ ለቤቱ ተርፎ፣ አባት፣ ልጅና አክስት ሳምንት ሙሉ ዶሮ እየበሉ አዝነዋል።

ማርያማዊት ዛሬም ፈርታለች። ይህ ሦስተኛው ነው። የሽማግሌዎቹ መሪ አቶ ወልደአረጋይ፣ ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ መምህር፣ ሦስት ጊዜ መመላለስ ወግ ነው፣ አራተኛው ግን ልመና ነው ብለው ቁርጡን ተናግረዋል። የላካቸው ገብረአብ የውሃ መሐንዲስ ነው፤ አርባ ምንጭ ሥራ አግኝቶ ኅዳር መባቻ ላይ መግባት አለበት። እምቢ ካሉ ማዘጋጃ ቤት ሄደን እንፈራረም ብሏት ነበር። እሷ ግን ራሷን ታውቃለች። አባቷ ሳይመርቋት ከዚህ ቤት እግሯ አይወጣም፤ እግሯ ቢወጣ እንኳ ልቧ እዚሁ ይቀራል። ይህንኑ ለገብረአብ በግልጽ ነግራዋለች። ስለዚህ አባቷ መሪጌታ ገብረመንፈስቅዱስ ዛሬም እምቢ ካሉ ነገሩ አበቃ፤ እሱ ይሄዳል፣ እሷ ትቀራለች።

የመጀመሪያው ጊዜ የሆነው እንዲህ ነው። ሽማግሌ ጉዳዩ ሳይሰማለት አይቀመጥም። የቤቱ ጌታ ተቀመጡ ይላል፣ እነሱ ካልፈቀዱልን አንቀመጥም ይላሉ፣ ትንሽ ይጓተቱና መጨረሻ ላይ ሁሉም ደስ ብሎት ይቀመጣል። መሪጌታ ግን ሌሊቱን ሙሉ ማኅሌት ቆመው የሚያነጉ ሰው ስለሆኑ የሌላው መቆም አያሳዝናቸውም። ብርድ ልብሳቸውን ተከናንበው አልጋቸው ላይ ተቀምጠው ዝም አሉ። በአርባኛው ደቂቃ ላይ አቶ አበባው፣ ዕድሜ ልካቸውን ብርድ ልብስ ሲሸምኑ ጉልበታቸው ያለቀ ምስኪን፣ ወንበሩ ጫፍ ላይ አረፍ አሉ። መሪጌታ የሚጠብቋት ይህችን ነበር። ካልተፈቀደልን አንቀመጥም ብላችኋል፣ ይኸው አንዳችሁ ተቀምጣችኋል፤ እንግዲህ ወይ ተፈቅዶላችኋል፣ ወይ ቃላችሁ አይጸናም። እኔ አልፈቀድኩም። ቃሉ ለማይጸና ደግሞ ልጅ አይሰጥም። ይህን ብለው በትሕትና እስከ በር ሸኟቸው።

በሁለተኛው ጊዜ አቶ አበባው ጉልበታቸውን በቅባት አሽተው መጡ። ሦስቱም እንደ ስልክ እንጨት ተገትረው አንድ ሰዓት ከሩብ ቆሙ፤ ማንም አልተቀመጠም። መሪጌታ እንባ የተናነቃቸው መስለው፣ አብርሃም ቤት የመጡት ሦስቱ እንግዶች እንኳ አረፍ ብለው በልተዋል፣ እናንተ ግን ቤቴን ተጠየፋችሁ፤ ቤቴ መቀመጥን ከሚጠየፍ ወገን ጋር ልጄ ምን ብላ ትቀመጣለች አሉ። ማርያማዊት ያን ቀንም እዚችው ጓዳ ውስጥ አልነበረችም፤ የሰማችውን ግን ሰምታለች። ቢቀመጡ ጥፋት፣ ቢቆሙ ጥፋት። ግፍ ነው። ክፋቱ፣ ግፉ ያስቃል። ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጠቅጥቃ ስቃ ስቃ፣ ሳቁ ሲያልቅባት ነው ያለቀሰችው።

አባቷ ክፉ ሰው አይደሉም፤ ጨዋታ አይጠግቡም እንጂ። እናቷ ስትሞት ማርያማዊት የስድስት ዓመት ልጅ ነበረች። መሪጌታ ሴት ልጅን በምን እንደሚያጫውቱ ስለማያውቁ የሚያውቁትን አመጡላት፤ ነገር። እራት ላይ ድንገት ቀና ይሉና፣ ጾም ማለት አለመብላት ነው፣ የተኛ ሰው አይበላም፣ እንግዲህ ከሰው ሁሉ ጾመኛው እንቅልፋሙ ነው፤ በይ ቀዳዳዋን ፈልጊ ይሏታል። ያችን ሦስት ቀን አሰበችባት። በአራተኛው ቀን ቤተክርስቲያኑ በር ላይ ጠብቃቸው፣ ያጣም አልጾመም፣ የተኛም አልጾመም፣ የጾመ ማለት እያለው የተወ ነው አለቻቸው። መሪጌታ ያን ቀን ደስታቸው ልክ አልነበረውም፤ ያገኙትን ካህን ሁሉ እያስቆሙ አወሩላት። ጨዋታው ሕግ አለው። አንዱ አንቱ አለማለት ነው፤ አንቱታ ቀዳዳ ይሸፍናል ይላሉ። በዚሁ ለምዶባት አባቷን አንተ እንዳለች አደገች።

እሷም በተራዋ ነገር ታመጣለች። በአሥራ ሁለት ዓመቷ፣ ቄስ ሁሉ ራሱ ላይ ይጠመጥማል፣ አክስቴ ራሷን ሲያማት ትጠመጥማለች፣ እንግዲህ አክስቴ ቄስ ናት አለቻቸው። መሪጌታ ቀዳዳዋን ወዲያው አገኟት፤ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ እናናየሁ ሻሽ ባሰረች ቁጥር ጎንበስ ብለው «አባ ይፍቱኝ» ማለትን አልተዉም። ዩኒቨርሲቲ ማስተማር ከጀመረች ወዲህ ደግሞ ከክፍል ያመጣችውን ታካፍላቸዋለች። የአንኮበር ሚኒባስ ረዳት አንድ ሰው ብቻ ነው የቀረን ብሎ ይጣራል፤ አንድ ሰው ሲገባም አንድ ሰው ብቻ ይቀረዋል፤ እንግዲህ ሚኒባስ የሚባል ነገር አይሞላም፣ ተሳፋሪውም ወገቡ የሚቆረጠው በባዶ መኪና ነው። በዚህች ሁለት ቀን ሳቁ። የተሸነፈ ሰው እንደ እንቆቅልሽ ጨዋታ አገር ይሰጣል። በሃያ ሦስት ዓመት ውስጥ ማርያማዊት መዘዞን፣ አንኮበርን፣ አሊዩ አምባን ከነገበያው፣ አገር ሲያልቅባትም የምታስተምርበትን ዩኒቨርሲቲ ለአባቷ አስረክባለች። መሪጌታ ግን አንድም ቀን አገር ሰጥተው አያውቁም። ሲጨንቃቸው «ሰዓታት ደረሰብኝ» ብለው ወደ ቤተክርስቲያን ይሄዱና በማግስቱ ቀዳዳውን ይዘው ይመጣሉ።

ቢቀመጡ ጥፋት፣ ቢቆሙ ጥፋት የምትለዋን ማርያማዊት ሁለት ሳምንት አብሰለሰለቻት። ቀዳዳዋን ያገኘቻት ባለፈው እሑድ ቅዳሴ ላይ ነው። ካህናቱ መቋሚያቸውን ብብታቸው ሥር ሸጉጠው ተደግፈዋል። ትንሽ ልጅ ሳለች አባዬ አይደክምህም ወይ ብላ ስትጠይቃቸው፣ በመቋሚያ ያለ ሰው አልቆመም፣ አልተቀመጠምም፣ ተደግፏል ብለዋት ነበር። ራሳቸው ናቸው ያሉት። ዛሬ ማለዳ አባቷ ለኪዳን እንደወጡ፣ ቤት ያሉትን ሁለት መቋሚያዎች በጋቢ ጠቅልላ ባጃጅ ያዘች። የባጃጁ ልጅ ሁለቱ እንጨቶች በግራና በቀኝ ወጥተው አላሳልፍ ሲሉት፣ ቦታ የያዘ ሁሉ ተሳፋሪ ነው፣ ተሳፋሪ የሆነ ሁሉ ይከፍላል ብሎ የሦስት ሰው ሂሳብ ጠየቃት። ማርያማዊት ቀዳዳዋን ፈልጋ ለማግኘት ጊዜ ስላልነበራት ከፈለች። መቋሚያዎቹን ለአቶ ወልደአረጋይ አስረክባ፣ አደራ ብላ፣ እግሯ እስኪነቀል ሮጣ ተመለሰች።

አምስት ሰዓት ሲሆን ሦስቱ ሽማግሌዎች ገቡ። ፊት አቶ ወልደአረጋይ፣ ቀጥሎ አቶ አበባው፣ ከኋላ ሐጅ ኑርዬ፤ ሐጅ የገብረአብ የሟች አባት የገበያ ወዳጅ ናቸው፣ ለዚሁ ጉዳይ ከአሊዩ አምባ ሽቅብ የወጡ። ቄስ አልጨመሩም። ቄስ ቢያመጡ መሪጌታ በመጽሐፍ ይይዙታል ብለው መክረው የተዉት ነው። ሰላምታው ረዘመ። ስለ ውርጩ ተወራ፣ ስለ ገብሱ ተወራ፣ የማዳበሪያ ዋጋ ሰማይ መውጣቱ ተወራ፣ ሐጅ ኑርዬ በቆላው ሙቀቱን በደጋው ደግሞ ብርዱን እንዳልቻሉት ተናግረው ተሳቀ። ከዚያ ወሬው አለቀ። ሳሎኑ ውስጥ የሚሰማው የግድግዳው ሰዓት ብቻ ነበር። መሪጌታ አልጋቸው ላይ ብርድ ልብሳቸውን ሰብሰብ አድርገው እንደ ወጉ ተቀመጡ አሉ። አቶ ወልደአረጋይ ካልፈቀዱልን አንቀመጥም አሉና፣ ሦስቱም ባንድ ጊዜ ተደገፉ፤ ሁለቱ በመቋሚያ፣ ሐጅ በከዘራቸው።

መሪጌታ አዩአቸው። መጀመሪያ አቶ አበባው ብብት ሥር ያለውን አዩ፣ ቀጥለው አቶ ወልደአረጋይ ብብት ሥር ያለውን፣ ከዚያ ዓይናቸውን ቀስ አድርገው ወደ ጓዳው መጋረጃ አዞሩ። ማርያማዊት ትንፋሿን ዋጠች። መሪጌታ ጺማቸውን ሲዳብሱ ቆዩና የሐጅ ከዘራ የሐጅ እንደሆነ፣ ሁለቱን ግን አሳምረው እንደሚያውቋቸው ተናገሩ። አንደኛው የበዓል መቋሚያቸው ነው። ሌላውን ከአንኮበር ከሟች አባታቸው ወርሰውታል። «በአባቴ ተደግፎ የመጣን ሰው መመለስ አልችልም» አሉ። «በእኔ በኩል የነበረው ተቃውሞ ቀርቷል።»

አቶ አበባው ከደስታቸው ብዛት ሊቀመጡ ጎንበስ ሲሉ አቶ ወልደአረጋይ በክርናቸው ጎሸም አደረጓቸው። ደግ አደረጉ፣ መሪጌታ አልጨረሱም ነበርና። የልጅቱ ፈቃድ ይቀራል አሉ። ሳሎኑ በር ላይ ትሪ ይዛ ወደቆመችው እህታቸው ዞረው፣ ሻሿን አይተው፣ አባ ይፍቱኝ፣ ለመሆኑ ልጅቱ ቤት አለች ወይስ የለችም ብለው ጠየቋት። እናናየሁም «የለችም፣ ዩኒቨርሲቲ ናት» አለች። መሪጌታ ራሳቸውን ነቀነቁ። ልጅቱ ካለች፣ ሽማግሌ በመጣበት ቀን ቤት የተጎለተች ልጅ ሥርዓት የላትም፤ ሥርዓት የሌላትን ልጅ ለሰው ሰጥቼ አልሰደብም። ከሌለች ደግሞ ፈቃዷን አልሰማሁም፤ ያልፈቀደችውን አልድርም። ይህን ብለው ብርድ ልብሳቸውን እስከ አንገታቸው ሳቡት።

ከዚያ አቶ ወልደአረጋይ ባርኔጣቸውን ከወንበሩ አነሱ። እግዜር ካላለው ምን ይደረጋል የሚሉ ሰው አነሳስ ነበር። ማርያማዊት ከጆንያው ልትነሣ ብላ ተመለሰች። ብትወጣ ታበላሻለች፣ ዝም ብትል ያበቃል። ለመጀመሪያ ጊዜ በአባቷ ላይ ከልቧ ተናደደች፤ ይህ ጨዋታ አይደለም፣ ይህ ዕድሜዋ ነው። ተናዳ ሳለች ነው ቀዳዳውን ያየችው። ስልኳን ከኪሷ አወጣች።

የመሪጌታ ስልክ አልጋው ላይ ጮኸ። ጆሯቸው ስለሚከብድ ድምፁን ከፍተው ነው የሚያነጋግሩት፤ ጎረቤት ሁሉ አብሮ ይሰማል።

«ሃሎ። ማን ልበል?»

«እኔ ነኝ አባዬ።»

ድምፁ ከስልኩም ከመጋረጃውም ወጣ፤ የመጋረጃው ትንሽ ይቀድም ነበር። ሐጅ ኑርዬ ጣሪያውን መመልከት ጀመሩ። አቶ አበባው ሳል ያዛቸው።

«የት ነሽ?» አሉ መሪጌታ።

«ሥራ ላይ።»

«ብርዱ እዚያ እንዴት ነው?»

«ደህና ነው፤ አጎዛ ላይ ነኝ» አለችና ምላሷን ነከሰች።

«ይመችሽ» አሉ መሪጌታ። «እኔ ነኝ ያነጠፍኩት።»

ማርያማዊት በእጇ የአጎዛውን ጸጉር ያዘች። እንግዲህ ከማለዳ ጀምሮ ያውቃሉ። መቋሚያዎቹ ሲወጡም አውቀዋል፤ ምናልባት ከቤተክርስቲያኑ አጥር ጥግ ሆነው የባጃጁን እንጨት አይተው ብቻቸውን ስቀዋል። ይዘዋት ሳለ ግን ብርድ እንዳይነካት አስበዋል። ንዴቷ ወዴት እንደሄደ አላወቀችም።

መሪጌታም ሽማግሌዎች መጥተዋል፣ ፈቃድሽን ይፈልጋሉ አሏት። ፈቅጃለሁ አለች፤ በጣም ቀስ ብላ ስለተናገረችው ከመጋረጃው አልወጣም፣ በስልኩ ብቻ ነው የተሰማው። መሪጌታ ግን አንድ ጥያቄ ቀርቷቸው ነበር።

«ታዲያ አለሽ እንበል ወይስ የለሽም?»

«ድምፄ ይሰማሃል?»

«ይሰማኛል።»

«ከተሰማህ አለሁ ማለት ነው። አርባ ምንጭ ብሆንም ድምፄ ይሰማሃል። እንግዲህ አርባ ምንጭ ብሄድም እዚሁ ነኝ።»

ቀዳዳው የግቢ በር ያክላል፤ የአንደኛ ዓመት ተማሪ እንኳ ያየዋል። ድምፅ እጅ አያስታጥብም። ድምፅ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ቤተክርስቲያን በር ላይ አይጠብቅም። ከጥር ሠርግ በኋላ እዚህ ሳሎን ውስጥ እራት ሲቀርብ መሪጌታና እናናየሁ ፊት ለፊት ይቀመጣሉ፤ እናናየሁ ነገር አትወድም፣ ራሷን ያማታል። አባቷ ገብረአብን አልጠሉትም፣ ሽማግሌዎቹንም አልናቁም። ቀዳዳ የሚፈልግላቸው ሰው ሊሄድባቸው ነው፤ ይህን በቀጥታ መናገር ደግሞ ዕድሜ ልካቸውን አልተማሩም። ማርያማዊት ይህን የተረዳችው አሁን፣ ትንፋሻቸውን ከሁለት ቦታ እየሰማች ነው።

«ቀዳዳ አለው» አሉ መሪጌታ።

«የቱ ጋ?»

የግድግዳው ሰዓት ቀጭ ቀጭ አለ። አሁን ሰዓታት ደረሰብኝ ይላሉ፣ ተነሥተው ይሄዳሉ ብላ ጠበቀች። መሪጌታ አልተነሡም።

«አጣሁት» አሉ። «አገር ልስጥሽ።»

ማርያማዊት ዓይኗን ጨፈነች። እንዳገኙት ከድምፃቸው ታውቃለች፤ ከእሷ ቀድመው ነው ያገኙት። እያላቸው ነው የተዉት።

«አገር ስጠኝ» አለች።

«አርባ ምንጭን ሰጥቼሻለሁ። ከነአዞው።»

አሁን በሕጉ መሠረት ተራው የእሷ ነው፤ አገር የተሰጠው መልሱን ይናገራል። መሪጌታ ጠበቁ። ድምፅ ሰውን አይተካም የሚለውን መልስ ብትናገረው ሁለቱንም ስለሚያሳዝን ልትናገረው አልፈለገችም።

«መልሱንስ?» አሉ።

«ስደርስ ደውዬ እነግርሃለሁ።»

አቶ አበባው ወደ ሐጅ ኑርዬ ጠጋ ብለው፣ አዞው ምን ቤት ነው፣ ምን ተባለ ነው ብለው ጠየቁ። ሐጅም አልገባቸውም፤ አልሐምዱሊላህ ብቻ አሉ። እናናየሁ ግን ከበሩ ላይ ትሪዋን እንደያዘች በሻሿ ጫፍ ዓይኗን ጠረገችና፣ ሰጠሁ እኮ ነው የሚላችሁ፣ ምን ትገተራላችሁ፣ ተቀመጡ እንጂ፣ ዶሮው ቀዘቀዘ አለች። አቶ ወልደአረጋይ መሪጌታን አዩ። መሪጌታ አባ ከፈቱ እኔ ማን ነኝና አሉ። ሦስቱም ተቀመጡ፤ አቶ አበባው ወንበሩን ሲያገኙት የወጣቸው ድምፅ ጓዳ ድረስ ተሰማ። መቋሚያዎቹን መሪጌታ ራሳቸው ተቀብለው አልጋቸው ራስጌ አስደገፏቸው። እንጀራው ተዘረጋ፣ ምርቃት ተጀመረ፣ ቀን ለመቁረጥ ስለ ጥር ተነሣ።

ስልኩን ግን ማንም አልዘጋውም። ብርድ ልብሱ ላይ እንደተከፈተ ነበር። ሽማግሌዎቹ ሁለተኛውን ጉርሻ ሲያነሡ መሪጌታ ወደ ስልኩ ጎንበስ አሉ።

«ምሳ በልተሻል እዚያ?»

«ገና ነኝ» አለ መጋረጃው።

መሪጌታ ከዶሮው ፈረሰኛውን መርጠው እንጀራ ጫፍ ላይ አስቀመጡና ለእህታቸው አቀበሏት።

«አባ» አሉ፣ «ይህችን ለዩኒቨርሲቲ አድርሱልኝ።»